ሦስት ነጠላ ይዘን ሐይቅ የወረድን ዕለት

የካ አባዶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጾም ሲገባ ከአንዱ ቤት ዓሣ መጠበስ ይጀምራል። ሽታው ደረጃ ለደረጃ ወጥቶ እኔ በር ላይ ይደርሳል። ጎረቤቶቼ «ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም» እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔን ግን ያ ሽታ ወደ ክርክሩ አይወስደኝም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከሲግናል ተነስተን ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ወደዋልንበት እሑድ ነው የሚወስደኝ። የዛሬውን ቢሾፍቱ ያኔ ሰፈራችን ደብረ ዘይት ነበር የሚለው፤ ለኛ ለልጆቹ ደግሞ ከውጭ አገር እኩል ነበር። የሄደ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ይከርማል፣ ያልሄደው ደግሞ የሄደ መስሎ ይጨምርበታል።

አባዬ የሞተው ከዚያ በፊት፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በደህና ወጥቶ በደህና አልተመለሰም። እማዬ ለቀብሩ ፀጉሯን ተላጨች፤ ነጠላዋን በትልቁ ድስት ቀለም በጥብጣ ራሷ ነከረችው። ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ወጥ አልተሠራበትም። ቀሚሷ ጥቁር፣ ሻሿ ጥቁር፣ ነጠላዋ ጥቁር ሆነ። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ክረምቱ አለፈ፣ ጥቁሩ ግን ከላይዋ አልወረደም። ትንሹ ወንድሜ ቢኒያም መዋዕለ ሕፃናት «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ሲባሉ እማዬን ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ቀብቷት መጣ፣ ፊቷን ሳይቀር። ሥዕሉን አይታ አልተቆጣችም። አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

እማዬ ድሮ ሳቂታ ነበረች። ስትስቅ ግድግዳውን አልፎ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ድረስ ይሰማል። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ሱቋ ሳሙናና ላምባ ይሸታል። የእማዬን ሳቅ ስትሰማ እዚያው ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና «አስኩ! ምን አግኝተሽ ነው? ለኛም አካፍይን እንጂ!» ትላለች። አባዬን ማጣት ምን እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬ በቅጡ ገብቶኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። የእማዬ ሳቅ መጥፋቱ ግን በየቀኑ ይሰማኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፤ ምንም የለም።

በወር በወሩ እንጦጦ ራጉኤል እንወጣ ነበር፤ አባዬ የተወለደውም የተቀበረውም እዚያ ነው። ዳገቱ ላይ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጥቁሯን ሲያዩ ሸክማቸውን እንዳዘሉ ቆመው «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል። እማዬ መቃብሩ አጠገብ ስታለቅስ እኔና ቢኒ ቁልቁል ከተማውን እያየን የቤታችንን ቆርቆሮ እንፈልጋለን። አንድም ቀን አግኝተነው አናውቅም፤ ቢኒ ግን ሁልጊዜ «ያውና!» ይላል።

በኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ ፈቃዱ አያወልቅም። ዘመድ ወዳጅ ነጭ ገዝቶ ይመጣል፤ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ይመርቃል፣ ከዚያ ነው የሚወልቀው። የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር። እማዬ ሁለቱንም ጊዜ «ጥቁሬ ምን አደረጋችሁ? ከነጥቁሬ ቅበሩኝ» ብላ መለሰቻቸው። ጋሼ ደምሴ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ቢሆንም ሽምግልና ነፍሱ ነው፤ የሚናገረውን አስቀድሞ መሪ እንደያዘ ለብቻው ይለማመዳል እየተባለ ይታማል። በሁለተኛው ጊዜ ሲወጣ ሚስቱን እትዬ ወይንሸትን «ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ካለች በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚለምናት አይኖርም» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐይቅ እንውረድ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ብትለመን ተነስታ ጓዳ ትገባለች፤ ሐይቅ ዳር ጓዳ የለም። ያለ እትዬ ዘይነባ ደግሞ ነገሩ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል፤ እማዬ የምትሰማው የሷን ነው። ሥጋ ቤት እንሂድ ቢባል እሷ የኛን ሥጋ አትበላ፣ እኛ የሷን አንበላ። ዓሣ ግን የክርስቲያንም የእስላምም ቢላዋ አያውቅም፤ ከአንድ ሳህን ያስበላል። ለእማዬ የተነገራት «ልጆቹ አየር ይቀይሩ» ተብሎ ነው። አባዬ በየፋሲካው ሐይቅ እወስዳችኋለሁ እያለ፣ አንድ ነገር እየጎደለ፣ ሳይወስደን ነበር የሞተው። ስለዚህ ለኛ ስትል እሺ አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ለምን እንደምንሄድ ሳይገባት አልቀረም።

ጋሼ ደምሴ ምስጢሩን ለሁለቱ ሴቶች ለየብቻ ነገራቸው። «ነጩን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ኑ» አላቸው። እትዬ ወይንሸት ባሏ የሚገዛውን ጨርቅ ስለማታምን ዝም ብላ ሌላ ገዛች። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ወንድ ልጅ ይረሳል ብላ ዝም ብላ ሌላ ገዛች። አንዱም ለአንዱ ትንፍሽ አላለም።

ጠዋት ጋሼ ደምሴ የእሑድ ገበያውን ትቶ ሚኒባሱን አጥቦ መጣ። እኔ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። ቃሊቲን ስናልፍ መስኮቱ ተከፈተ፣ የአቃቂ ሜዳ ንፋስ ገባ፣ እትዬ ዘይነባ ሻርፗን በጥርሷ ያዘች። ቢኒ «ሐይቁ ከመገናኛ ይበልጣል?» እያለ ይጠይቃል። ዱከም ስንደርስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሥጋው ተሰቅሎ አየን፤ ጋሼ ደምሴ መሪውን ጨብጦ ምራቁን ሲውጥ እትዬ ወይንሸት «ወደፊት እያየህ ንዳ» አለችው። እማዬ መስኮቱ ጋ ናት፤ ጥቁር ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ሜዳውን ታያለች። እኔ ፊቷን ከፊት መስተዋቱ ውስጥ እሰርቃለሁ።

ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ባለው የአትክልት ቦታ ምግብ ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ቆመዋል። «ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም፤ ቦርሳ ይፈተሻል» አሉ። ይሄን ያሰበ ሰው አልነበረም። የእትዬ ወይንሸት ቦርሳ ተከፈተ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ ነጠላ ወጣ። የእትዬ ዘይነባ ተከፈተ፤ ከላይ ትልቅ ዳቦ፣ ከሥሩ ነጭ ነጠላ። የጋሼ ደምሴ ጥቁር ፌስታል ተከፈተ፤ ነጭ ነጠላ። ሦስቱም መፈተሻ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ።

«አንተም ገዛህ?» አለች እትዬ ወይንሸት።

«እይዛለሁ አላልኩሽም? አንቺ ለምን ገዛሽ?»

እማዬ ሁለቱን አላየቻቸውም። ዓይኗ የእትዬ ዘይነባ ነጠላ ላይ ነው። ጥለቱ ሙሉ በሙሉ መስቀል ነው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ደግሞ መሐሉ ላይ አንድ የጳጳስ የሚያህል።

«ዘይኑ፣ ይሄ እኮ መስቀል ነው» አለች።

«ታዲያ የናንተ አይደለም እንዴ? ሾላ ገበያ ሻጩን ‹ለክርስቲያን ሐዘን ማስወለቂያ የሚሆን ስጠኝ› ብለው ይሄን መዞ ሰጠኝ። ሰው ያየኛል ብዬ ከሾላ እስከ ሲግናል ሻርፔ ውስጥ ታቅፌው ነው የመጣሁት፤ አላህ ይየው!»

እማዬ መጀመሪያ ያሳላት መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ የጠፋው ሳቅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወጣ፣ ሙሉ ሳቅ፣ ግድግዳ የሚያልፈው። እትዬ ዘይነባም፣ እትዬ ወይንሸትም፣ ጋሼ ደምሴም ሳቁ። ግን ብዙ አልቆየም። እማዬ ድንገት አፏን በነጠላዋ ያዘችና «ምን ሆኛለሁ እኔ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጥበቃው ሦስቱን ነጠላና ጥቁር የለበሰችውን እናቴን እያፈራረቁ አዩ። የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ይግቡ እመቤቴ፣ ዳቦውንም ይዛችሁት ግቡ» አሉ።

ቁልቁል በድንጋይ ደረጃ ወረድን። ሐይቁ ታች ተኝቷል፤ በዕድሜዬ ያን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከጥድና ከግራር ሥር ጠረጴዛ ተደርድሯል፣ የወረቀት አበባው አጥሩ ላይ ወድቆበታል፣ ወፉ ብዙ ነው። ዓሣው ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር መጣ። እትዬ ዘይነባ እሾሁን በጣቷ እየለቀመች ለቢኒ ታጎርሰዋለች። ከዕለቱ ሁሉ ለኔ ጣፋጭ መሆን የነበረበት ያ ሰዓት ነበር፤ ግን ጋሼ ደምሴ ለንግግሩ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበርና ዓሣውን ትቼ እሱን አየሁ።

«አስካለ» አለ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ የሞተ ተጎዳ ነው። እኛ የቆምነው ደግሞ…»

«ጋሼ ደምሴ፣ ይተዉኝ። በልጆቼ ይዤዎታለሁ ይተዉኝ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «እዚህ ሊያመጣን የነበረው እሱ ነው። እሱ ያላየውን ሐይቅ እያየሁ፣ ዓሣ እየበላሁ፣ የሱን ጥቁር ላውልቅ? በየትኛው ዓይኔ?» ብላ ተነስታ ወደ ውሃው ሄደች።

ጋሼ ደምሴ እጁ ላይ የያዘውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። «በቃ፣ ሦስተኛው ይሄው ነው» አለ፤ ንግግሩ እዚያው ሞተ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዛሬ ከነጥቁሯ ከተመለሰች ለዘላለም ከነጥቁሯ ናት፤ እዚያ በር ላይ የሰማሁት ሳቅ የመጨረሻው ነው ብዬ ፈራሁ። እትዬ ዘይነባ እጇን ታጥባ ተከተለቻት። እኔም ቢኒን እጁን ላስታጥበው ብዬ ይዤው ወረድኩ፤ እጁ ንጹሕ ነበር።

ሁለቱ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘይነባ ነች የምትናገረው። «እኔም ባሌ ሲሞት ተቀምጫለሁ አስኩ፣ አንቺው ነሽ ያጽናናሽኝ። የኛ ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። አንድ ቀን አልጨመርኩበትም። ስለማልወደው ነው?»

«ኧረ ዘይኑ፣ እንዴት ትወጂው እንደነበር እኔ አውቃለሁ።»

«ቀኑን ፈጣሪ ቆርጦ ስለሰጠኝ ነው። አንቺ ግን ራስሽ ቆርጠሽ፣ ራስሽ ትቀጥያለሽ። እስከ መቼ?»

«ነጭ ለብሼ ቤቱ ስገባ ረሳችኝ አይልም?» አለች እማዬ፤ እንደ ልጅ ነው ያለችው። ያን ቃል ስሰማ አለቀስኩ። እስከዚያች ደቂቃ ጥቁሩን የምትወደው ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈርታ ነው።

እትዬ ዘይነባ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ነው ቦጭረቅ የሚል ድምፅ የሰማነው። ቢኒ አንዲት ዳክዬ ሲከተል ከእጄ አምልጦ፣ አልጌ ከያዘው ድንጋይ ላይ ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ጥልቅ አይደለም፣ ደረቱ ጋ ነው፤ ጩኸቱ ግን ሐይቁን ሁሉ ይሞላል። እማዬ ከነጫማዋ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። ብድግ አድርጋ አወጣችው። ልጁ ተንቀጠቀጠ። እማዬ እርጥብ ልብሱን አወለቀችለት፤ ሳታስብ ነጠላዋን ገፈፈችና ጠቀለለችው፣ ሻሿን ፈትታ ራሱን ሸፈነችለት። ፀጉሯን ያኔ አየሁት፤ ተላጭቶ የነበረው አድጓል፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል።

ቢኒ ለቅሶውን አቆመና ራሱን ቁልቁል አየ። «እማዬ፣ አሁን እኔም ጥቁር ለበስኩ» አለ።

እማዬ አየችው። ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ነው፣ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ያኔ የጮኸችውን ጩኸት ለቀብሩም አልጮኸችውም። «በስመ አብ! ልጄ ጥቁር አይለብስም! ልጄ ጥቁር አይለብስብኝም!» እያለች ያለበሰችውን በሁለት እጇ ገፍፋ ጣለችው፤ ጨርቁ ጭቃ ላይ ወደቀ። ራቁቱን አቅፋው «ነጭ! ነጩን አምጡልኝ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ!» አለች።

እትዬ ወይንሸትና ጋሼ ደምሴ ሦስቱንም ነጠላ ይዘው ደረጃውን በሩጫ ወረዱ፤ ቢኒ በእትዬ ወይንሸት ነጠላ ተጠቀለለ። ጋሼ ደምሴ ደግሞ የኔን ቀሚስ እስከ ወገቤ ርሶ ስላየ የሱን ነጠላ አለበሰኝ። እማዬ በጥቁር ቀሚሷ፣ ፀጉሯ ተገልጦ፣ እያለከለከች ቆመች። እትዬ ዘይነባ ያን መስቀል ያለበትን ነጠላ ዘርግታ ፊቷ ቆመች። አልለመነቻትም፣ አልመከረቻትም። እማዬ እኔን አየች፣ ቢኒን አየች፣ ከዚያ እንድታለብሳት አንገቷን ደፋች።

እትዬ ወይንሸት እልልታውን አቀለጠችው። ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሴቶች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ጋሼ ደምሴ ምርቃቱን ሊጀምር «ይኸውልሽ…» አለና ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለወንድሙ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅምና ሰላማዊ ነበር። ልብሳችን አጥሩ ላይ ተሰጣ። ዓሣ በድጋሚ ታዘዘ፤ እትዬ ዘይነባ አጎረሰቻት፣ እማዬ እምቢ አላለችም። ዳቦውን ቆርሰን ለጥበቃውም ላክንላቸው። ሴቶቹ ሣሩ ላይ ጋደም ብለው ጎረቤት አሙ፤ ጋሼ ደምሴ አንኮራፋ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ለብቻዋ ብዙ ተቀመጠች። አለቀሰችም፣ ግን የበፊቱ ለቅሶ አልነበረም። ወደ ሲግናል ስንመለስ ማንም ምንም ሳይናገር የሰፈር ሴቶች ነጠላዋን አይተው ከየበራቸው ወጡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ «ቢኒ ባይወድቅ ኖሮ ታወልቂው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ ልጄ። ማውለቁማ ማንን ያቅተዋል፤ እጅ አለኝ። ‹በቃሽ› የሚልሽ ሰው ነው የሚቸግረው። እኔ ሰው የለኝም እያልኩ፣ ለካ ሦስት ሰው ተደባብቆ ነጠላ ገዝቶልኛል» አለችኝ።

ድሮ ሁሉ ደግ ነበር አልልም። ፀጉር መላጨቱ፣ ዓመት ከዓመት በጥቁር መታሰሩ ጭካኔም ነበረበት። ዛሬ የሟች ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሰን ቀብረን ሰኞ ቢሮ እንገባለን፤ ማንም በማንም ሐዘን አይገባም። ይሄን መከባበር እንለዋለን፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከክረምት ጀምሮ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት አለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነሽ?» «ሰላም ነኝ» እንባባላለን፣ በሮቻችን ይዘጋሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት ደረጃውን ቀስ እያልን ስንወጣ ያቺ ሴት ቁልቁል መጣች። እማዬ መተላለፊያው ላይ ቆመችባት። «የኔ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለቻት፤ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ምንም። እኔ በሐፍረት ልሞት ደረስኩ። ሴትየዋ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እማዬም ያንን የማይታዘዝ ጉልበቷን አጥፋ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። የያዝኩትን ፌስታል ግድግዳው ሥር አስቀምጬ እኔም ተቀመጥኩ። ባሏ ነው። ስሟ ሰላማዊት ነው። ሁለት ዓመት ከራሴ በላይ ስትራመድ ሰምቻለሁ፤ ስሟን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።